ሳምሰንግ ኤስ 25 አልትራ ድሬ ሙቀት ላይ፦ ሳጥኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ለኛ ስንት ናቸው?

አዲስ ፍላግሺፕ (የአንድ ድርጅት ዋናና ውድ) ስልክ በወጣ ቁጥር ዩቲዩብ ላይ ያሉት ልጆች ኤሲ ያለው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ሳጥኑን እየከፈቱ ስክሪኑ 2600 ኒት፣ ፕሮሰሰሩ 4.47 ጊጋኸርዝ፣ ካሜራው 200 ሜጋፒክስል፣ ቻርጁ 45 ዋት እያሉ ይደረድሩልናል፣ እኛም ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠን አፋችንን ከፍተን እናያለን። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ግን ሁሉም የጣሪያ ቁጥሮች ናቸው፣ ስልኩ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሆኖ ሁሉ ነገር ሲመቸው ለትንሽ ጊዜ የሚደርስባቸው። ድሬ ላይ ከዛ ጣሪያ ስንቱ እንደሚደርሳችሁ የሚወስነው ደሞ ሙቀቱ ነው፣ ስለሱ በኛ ቋንቋ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ስላላየሁ ነው ይሄን የምጽፈው።

ስልኩ የኔ አይደለም አቦ፣ እንዳትሳሳቱ። የአጎቴ ልጅ ከውጪ ይዞት መጣና እሱ ከዘመድ ዘመድ ሲዞር እኔ «ሴትአፕ ላርግልህ» ብዬ ያዝኩት፣ ሴትአፑ እስካሁን አላለቀም።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ኤስ 25 አልትራ የተዋወቀው ጥር 14 ቀን 2017 ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 22፣ 2025 መሆኑ ነው። አሜሪካ ላይ መነሻ ዋጋው 1,299 ዶላር ነበር። ስክሪኑ 6.9 ኢንች፣ ክብደቱ 218 ግራም፣ ውፍረቱ 8.2 ሚሊሜትር፣ ዙሪያው ቲታኒየም፣ ፕሮሰሰሩ ስናፕድራጎን 8 ኤሊት፣ ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት። እጅ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚታወቃችሁ ኮርነሩ ነው፣ የድሮዎቹ አልትራዎች ሹል ጥግ መዳፍ ይወጋ ነበር፣ ይሄኛው ክብ ብሏል። ትልቅነቱ ግን ያው ትልቅ ነው፣ በአንድ እጅ ቴሌግራም መጻፍ የሚፈልግ ሰው ይቅርበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሳምሰንግም ሆነ አፕል ስልኮቻቸው እንዲሰሩበት የሚመክሩት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፣ ራሳቸው ነው የጻፉት። 35 ዲግሪ! ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ከሰዓት 35 ማለት እኮ የተለመደ ቀን ነው፣ ማንም «ዛሬ ሞቀ» እንኳን አይልም። ያውም ይሄ በጥላ የተለካው ነው፣ ባጃጅ ላይ መስታወቱ ስር ጸሃይ እየመታው የተቀመጠ ስልክ ያለበትን ሙቀትማ ተዉት። እና እኛ አመቱን ሙሉ ባይሆንም ብዙውን ጊዜ ስልክ የምንጠቀመው ፋብሪካው ባሰመረው መስመር ጫፍ ላይ ቆመን ነው ማለት ነው።

ስልክ ፋን የለውም። ውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት የሚወጣው በጀርባውና በስክሪኑ በኩል ወደ አየር ነው፣ ከያዛችሁት ደሞ ወደ እጃችሁ። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው የሚሄደው፣ የሚሄድበት ፍጥነት ደሞ በሁለቱ መሃል ባለው ልዩነት ነው የሚወሰነው። የስልኩ ጀርባ 43 ዲግሪ ደረሰ እንበል። አየሩ 23 ከሆነ ልዩነቱ 20 ነው። አየሩ 35 ከሆነ ግን ልዩነቱ 8 ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያው ስልክ፣ ያው ጌም፣ ያው ሰው ሆኖ ስልኩ የሚያወጣው ሙቀት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ድሬ ቀትር ላይ የተቀዳ ሻሂ አልበርድ የሚላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሙቀቱን የሚቀበለው አየር ራሱ ጠግቧል።

«ቬፐር ቻምበር አለው እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። አለው፣ ካለፈው ሞዴል በ40 በመቶ እንዳሰፉትም ተናግረዋል። አሰራሩም ያምራል፣ በጣም ስስ የሆነ ዝግ የብረት ክፍል ነው፣ ውስጡ ትንሽዬ ፈሳሽ አለ፣ ፕሮሰሰሩ ጋ ያለው ፈሳሽ ሲሞቅ ይተንና ቀዝቀዝ ወዳለው ጥግ ይሄዳል፣ እዛ ሙቀቱን ጥሎ እንደገና ፈሳሽ ይሆንና ይመለሳል፣ እንዲህ እያለ ሙቀቱን ከአንድ ነጥብ ላይ አንስቶ ሰፊ ቦታ ላይ ይበትነዋል። ግን መበተን እንጂ ማጥፋት አይችልም። መጨረሻ ላይ መቀበል ያለበት ያው የድሬ አየር ነው። ደንገጎን ወጥታችሁ ሀረር ስትገቡ ስልካችሁ ነፍስ የዘራ የሚመስላችሁም ለዚህ ነው፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሀረር 1,885 ሜትር፣ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ በሁለቱ መሃል 4 ወይ 5 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። ከላይ ባልኩት ሂሳብ ከ8 ወደ 12 ወይም 13 ሲሄድ ለስልኩ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሲሞቅስ ምን ያደርጋል? ራሱን ማዳን ይጀምራል። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ስክሪኑን ደብዘዝ ያደርጋል፣ ቻርጁን ያዘገያል፣ አንዳንዱ ስልክ የካሜራውን ፍላሽም ይዘጋል፣ አይፎን ደሞ ሲብስበት ቴርሞሜትር ስሎ እስክቀዘቅዝ ጠብቁኝ ይላችኋል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ እንዲያውም ባያደርገው ነበር መፍራት የነበረባችሁ፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ሊቲየም ባትሪ ነው። የትኛውም ብራንድ የሚያደርገው ነው፣ ርካሹም ውዱም።

ፕሮሰሰሩን ቶሎ ብዬ ልለፈው። 4.47 ጊጋኸርዝ የሚባለው ከስምንቱ ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስራውን የሚከፋፈሉት ክፍሎች) ሁለቱ ብቻ የሚደርሱበት ፍጥነት ነው፣ ስድስቱ 3.53 ላይ ነው ጣሪያቸው። ሁለቱም እዛ የሚደርሱት አፕ ስትከፍቱ ወይ ፎቶ ስታነሱ ለቅጽበት ነው፣ ደርሰው ይመለሳሉ። ለቲክቶክ፣ ለቴሌግራም፣ ለቴሌብር ይሄ ሁሉ ፈረስ ጉልበት ምንም አያደርግላችሁም፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክም ያው ነው፣ ይሄን ስል የሚቆጣኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ልዩነቱ የሚታየው ከሰዓት በርጫ ላይ ተጋድመው ፐብጂ የሚባለውን ጌም ለሚያቀልጡት ነው፣ ለነሱም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ያለው ፍጥነትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያለው ፍጥነት አንድ አይሆንም። ከቨሩን አውልቁት፣ ወፍራም የጎማ ከቨር ለስልክ ብርድ ልብስ ነው የሚሆንበት፣ ቬንትሌተሩን ወደ ስልኩ አዙሩት፣ አየሩ ሙቅ ቢሆንም መንቀሳቀሱ ብቻውን ሙቀት ይወስዳል። ፍሪጅ ውስጥ የምትከቱት ልጆች ግን ተዉ። ቀዝቅዞ ሲወጣ የውጪው አየር እርጥበት ላዩ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ቻርጅ የሚሰካበት ጉድጓድ ውስጥም ጭምር።

አሁን ስክሪኑ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ ምክንያቱም በኔ እይታ የዚህ ስልክ ትልቁ ነገር እዚህ ነው ያለው፣ ሰው ደሞ በገዛ ገንዘቡ የሚያበላሸውም እሱኑ ነው።

ኒት የብርሃን መለኪያ ነው፣ ስክሪኑ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትሩ ወደ አይናችሁ የሚልከው ብርሃን ምን ያህል ነው የሚለውን ይለካል። 2600 ኒት የሚደርሰው ደሞ ጸሃይ ላይ ሆናችሁ አውቶ ብራይትነስ በርቶ ነው፣ በጣታችሁ እስከ ጫፍ ብትጎትቱት እዛ አይደርስም። እና አውቶውን አጥፍቶ «ይሄ ስልክ ጸሃይ ላይ አይታይም» የሚል ሰው ካያችሁ መጀመሪያ እሷን አብሩለት።

ግን ጸሃይ ላይ ስክሪን የሚከለክላችሁ የስክሪኑ ብርሃን ማነስ ብቻ አይደለም፣ የሚያንጸባርቀው ነገር ነው። ተራ መስታወት ከሚመታው ብርሃን 4 በመቶ ገደማውን ይመልሳል። ትንሽ ይመስላል አይደል? አሁን ሂሳቡን እንስራው። የቀትር ጸሃይ ወደ 100,000 ለክስ ይደርሳል፣ ለክስ አንድ ነገር ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ጸሃይ ላይ ቆሞ ስልኩን ቢያይ፣ ጀለቢያው ራሱ ወደ 25,000 ኒት ያበራል። ከዛ ላይ 4 በመቶው ስክሪኑ ላይ ሲንጸባረቅ 1,000 ኒት ነው። ማለትም ስክሪኑ ላይ ካለው ጽሁፍ ላይ የራሱ ልብስ ምስል በ1,000 ኒት ተደርቦበታል! ስልኩ ሞቆ ብርሃኑን ወደ 1,200 ቢያወርድ የሚያነበውን ጽሁፍና የራሱን ደረት መለየት ያቅተዋል። እጃችንን ግንባራችን ላይ አድርገን፣ አንገታችንን ሰብረን፣ ጥላ ፍለጋ የምንዞረው ለዚህ ነው።

አልትራው ላይ ያለው መስታወት ጎሪላ አርመር 2 ይባላል፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ነው። የመጀመሪያው አርመር ኤስ 24 አልትራ ላይ ሲመጣ ድርጅቱ ነጸብራቁን እስከ 75 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። እሱን ብንወስድ ያ 1,000 ኒት ጀለቢያ ወደ 250 ይወርዳል። ልዩነቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲታይ ያስደነግጣል፣ የኔን ስልክና ይሄን ለገሃር አደባባይ ላይ ጎን ለጎን ይዤ የኔ ላይ የማየው የራሴን ፊትና ከኋላዬ ያለውን ሰማይ ነው፣ እሱ ላይ ግን ጥቁሩ ጥቁር ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ ነገር ባትሪ አይበላም፣ ሙቀት አይፈጥርም፣ ስልኩ ሲሞቅም አይቀንስም። ከተደረደሩት ነገሮች ሁሉ ድሬ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚደርሳችሁ ይሄ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ ግን ከኤአይ በኋላ ነው የሚጠራው።

እሺ፣ አሁን ሰው ምን ያደርጋል? ስልኩን በገዛ በአምስተኛው ደቂቃ ግላስ ያስለጥፋል። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ከፊቴ የነበረ ሰው ሲያስለጥፍ ቆሜ አየሁት። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ በአልኮል ጨርቅ ወልወል አደረገው፣ በደረቅ ጨርቅ ደገመው፣ ከዛ ወደ አምፖሉ ዘንበል አድርጎ አንዲት ብናኝ አየና በስቲከር ጫፍ ነካ አድርጎ አነሳት። ግላሱን በሁለት ጥፍሩ ይዞ ከካሜራው ቀዳዳ ጋር አስተካክሎ ለቀቀው፣ ከመሃል ጀምሮ ራሱ እየተዘረጋ ተጣበቀ፣ ጥግ ላይ የቀረችዋን አረፋ በመታወቂያ ጠርዝ ገፍቶ አስወጣት። እጁን አደንቃለሁ፣ እንዲህ የሚሰራ ሰው ብዙ የለም። ግን ያ ግላስ ተራ መስታወት ነው። ከአየር ጋር የሚገናኘው አሁን እሱ ነው፣ ስለዚህ 4 በመቶዋ ተመልሳ መጣች፣ ከታች ያለው ውድ መስታወት ነጸብራቅ የሚቀንስበት ምክንያት አከተመ። የጣት አሻራውም በድምጽ ሞገድ የሚሰራ ስለሆነ ወፍራም ግላስ ሲሆንበት አላውቅህም ይላል፣ ቢያንስ አሻራችሁን ከግላሱ በኋላ እንደገና መዝግቡት።

ይሄን ለልጁ ስነግረው ሳቀብኝ። «ዋሪያ፣ የደቻቱ አሸዋ ኪስህ ውስጥ ይዘህ እየዞርክ ያለ ግላስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፣ ተራ መስታወትን ይጭራል፣ አርመር 2 ከተራው ይሻላል እንጂ ፍጹም አይደለም። ስለዚህ ምርጫ ነው። እኔ ብሆን ባዶውን እይዘዋለሁ፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ለብቻው ኪስ እሰጠዋለሁ፣ አይ ልቤ አይችልም የምትሉ ደሞ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፕሮቴክተር አለ፣ ከተራው ይወደዳል፣ 1,299 ዶላር ያወጣ ሰው ግን እዛ ላይ ባይቆጥብ ይሻላል።

ቻርጅ። ሳጥኑ ውስጥ ቻርጀር የለም፣ ኬብል ብቻ ነው ያለው፣ እሱን ለብቻ ትገዛላችሁ። 45 ዋት ለማግኘት ደሞ ቻርጀሩ ላይ 45 ዋት የሚል ጽሁፍ መኖሩ አይበቃም፣ ፒፒኤስ የሚባለውን አሰራር (ቻርጀሩ ስልኩ በሚጠይቀው ልክ ቮልቴጁን እየቀያየረ የሚሰጥበትን) መቻል አለበት፣ ኬብሉም 5 አምፒር የሚሸከም መሆን አለበት፣ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ስልኩ ዝም ብሎ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፣ እናንተም አታውቁም። ስክሪኑ ላይ «ሱፐር ፋስት ቻርጂንግ 2.0» ካለ ነው የሰራው። ያቺ 2.0 ከሌለች 25 ዋት ወይ ከዛ በታች ላይ ናችሁ።

45 ዋቱም ቢሆን ጣሪያ ነው። ባትሪው ወደ 19 ዋት ሰዓት ነው የሚይዘው፣ በ45 ብታካፍሉት በ25 ደቂቃ ገደማ መሙላት ነበረበት፣ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ድርጅቱም ራሱ በ30 ደቂቃ እስከ 65 በመቶ ነው የሚለው። ሊቲየም ባትሪ ባዶ ሲሆን በኃይል ይቀበላል፣ እየሞላ ሲሄድ ግን መቀነስ አለበት አለበለዚያ ይጎዳል፣ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ሁልጊዜ የምታዘግመው ለዛ ነው። በዛ ላይ ሙቀት ሲጨመር ስልኩ ሌላ ይቀንሳል። ስለዚህ ድሬ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሆናችሁ፣ ከቨር ለብሶ፣ ሆትስፖት በርቶ፣ ቪዲዮ እየታየ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ 45 ዋት አልሰጠኝም ብሎ መናደድ አይገባም። ማለዳ ላይ ሰክታችሁ ቁርስ እስክትበሉ ይበቃዋል። ማታ ግቢ ውስጥ አንጥፋችሁ የምትተኙ ደሞ ፍራሹ ላይ አታድርጉት፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጡት፣ ይበርድለታል። ዋየርለስ ቻርጅንግን ድሬ ላይ ጭራሽ እርሱት። ከሚላከው ኃይል የተወሰነው መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ያ ሙቀት ደሞ የሚያርፈው ባትሪው ጀርባ ላይ ነው።

የባትሪው እድሜ ነገር ከፍጥነቱ በላይ ያሳስበኛል። ሊቲየም ባትሪን የሚያስረጁት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ሙቀትና ሙሉ ሆኖ መቀመጥ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የባሰ ነው። እኛ ደሞ ሙቀቱን መቀነስ አንችልም፣ ሙላቱን ግን እንችላለን፦ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ጋ ገብታችሁ ባትሪ ፕሮቴክሽን ስትሉ 80፣ 85፣ 90 ወይ 95 ላይ እንዲያቆም ማድረግ ይቻላል። እኔ የአጎቴን ልጅ ስልክ 85 ላይ አደረግኩለት፣ «ለምንድነው የማይሞላው» ብሎ ሁለት ሶስቴ ደወለልኝ። ይሄ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ስልኩ ላይ 7 ዓመት የአንድሮይድና የሴኩሪቲ አፕዴት ቃል ተገብቷል፣ እስከ 2024 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሶፍትዌሩ ይደርሳል፣ ባትሪው ግን በዚህ ሙቀት እስከዛ አይደርስም፣ መሃል ላይ መቀየሩ አይቀርም። ሲቀየር ደሞ ጀርባው በሙጫ የታሸገ ስለሆነ ይከፈታል፣ በትክክል ካልታሸገ ያ አይፒ 68 የሚባለው፣ አንድ ሜትር ተኩል ንጹህ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ የሚያስቆየውና አቧራ የማያስገባው ነገር አብሮ ይሄዳል። መቀየሪያውን ባራቃችሁት ቁጥር ይሻላችኋል።

ካሜራው ላይ ሙቀት ብዙ አይገባም፣ ረጅም ቪዲዮ በ4ኬ ካልቀረጻችሁ በስተቀር። እዛ ጣሪያውን የሚወስነው ብርሃን ነው። 200 ሜጋፒክስል ሲባል ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ቺፕ) ላይ 200 ሚሊዮን ነጥቦች አሉ ማለት ነው፣ ግን እያንዳንዷ ነጥብ 0.6 ማይክሮሜትር ብቻ ናት፣ ብቻዋን የምትሰበስበው ብርሃን ምንም አይረባም። ስለዚህ ስልኩ 16ቱን በአንድ ያዋህዳቸዋል፣ 200ን ለ16 ስታካፍሉ 12 ሜጋፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ዝም ብላችሁ ስታነሱ የሚወጣው ፎቶ እሱ ነው። 200ውን ለብቻ መርጣችሁ ማንሳት ይቻላል፣ ቀን ላይ ለጁገል ቀለም የተቀባ ግድግዳ ወይ ለደንገጎ እይታ ያምራል፣ በኋላ ቆርጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ማታ ግን አትሞክሩት። ሜሞሪ ካርድ ማስገቢያም የለውም፣ ፋይሉ ትልቅ ነው፣ 256ቱ ጊጋ ቶሎ ያልቃል።

የማታውን ለማየት ሀረር ይዤው ወጣሁ፣ ከግንቡ ውጪ ሰው ጅብ የሚያበላበት ቦታ። ለካሜራ ከዛ የከፋ ፈተና የለም፦ ጨለማ፣ መብራቱ የባጃጅ ወይ የመኪና ከአንድ ጎን ብቻ፣ የሚነሳው ነገር ደሞ የሚንቀሳቀስ። ናይት ሞድ የሚሰራው ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ አንድ ላይ በመደራረብ ነው፣ ግንቡ ስለማይንቀሳቀስ በጣም ጥርት ይላል፣ ድንጋዩ መሃል ያለው ጭቃ ሳይቀር ይታያል፣ ጅቡ ግን አንገቱን አዙሮ ስጋውን ከእንጨቱ ላይ እስኪነጥቅ ሁለት ሶስት ቦታ ስለነበር ጭስ ይመስላል። ይሄ በየትኛውም ስልክ ያው ነው። ናይት ሞዱን ካጠፋችሁት ወይ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ከሱ ላይ ፎቶ ካወጣችሁ ይሻላል፣ ትንሽ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ቢልም ጅቡ ጅብ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ዙም ነው። ሰው ጅብ ይፈራና ከሩቅ ሆኖ 5 ኤክስ ይጫናል። ዋናው ሌንስ ኤፍ 1.7 ነው፣ የ5 ኤክሱ ኤፍ 3.4። ኤፍ የሚባለው ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ይነግራል፣ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፣ በእጥፍ ሲያድግ የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው፣ ሴንሰሩም ከዋናው ያንሳል። ለዚህ ነው ስልኩ ጨለማ ውስጥ 5 ኤክስ ስትሉት ብዙ ጊዜ ሳይነግራችሁ በዋናው ካሜራ አንስቶ ቆርጦ የሚሰጣችሁ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ 5 ኤክስ ላይ አድርጋችሁ ዋናውን ሌንስ በጣታችሁ ሸፍኑት፣ ስክሪኑ ከጨለመ ሲያጭበረብራችሁ ያዛችሁት። እና ምክሬ ቀረብ በሉ ነው፣ የሚያበላው ሰውዬ «ና፣ አይነካህም» ሲላችሁ እመኑት፣ 1 ኤክስ ላይ ሆናችሁ ከሱ ጀርባ ተንበርከኩ። ያኔ የአንገቱ ጸጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀን ላይ ግን 5 ኤክሱ ጌታ ነው፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያው ላይ ያለውን የፈረንሳይኛ ጽሁፍ ከአደባባዩ ማዶ ሆኜ የቀለሙን መሰንጠቅ ጭምር አነበብኩት።

ኤአዩን በሁለት መስመር ልጨርሰው። ስልክ ስታወሩ በቀጥታ የሚተረጉመው ነገር ሲወጣ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም አልነበሩበትም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሶስቱንም ለምትቀላቅል ከተማ ምንም አይደለም። ስክሪን ላይ ያለ ጽሁፍ ከቦ መተርጎም ግን በጉግል ትርጉም ስለሚሰራ አማርኛው ከ2016፣ ኦሮምኛው ከ2022 ጀምሮ (በፈረንጅ) ስላለ እሱ ይጠቅማል፣ ለዛ ግን አልትራ አያስፈልግም። ከስልኩ ጋር የሚመጣው ብዕር ላይ ድሮ የነበረው ብሉቱዝ ተነስቷል፣ ከሩቅ ቁልፏን ጠቅ አድርጎ ግሩፕ ፎቶ ማንሳት የለም አሁን፣ ለሰርግ ሰዎች ያሳዝናል።

መግዛት ለምትፈልጉ። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ስለሚዘል እዚህ ዋጋ አልጽፍም፣ ነገ ይቀየራል። ግን ሲም ማስገቢያውን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። የአሜሪካው ቀፎ የሚይዘው አንድ ሲም ነው፣ ሌላው ኢሲም (ካርድ የማይገባበት፣ ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) ነው፣ ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ስራ የጀመረው እዚሁ ድሬ ስለሆነ ሁለት መስመር የማይዝ ሰው ብርቅ በሆነባት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የሌላ አገር ቴሌ የቆለፈው ቀፎም አለ፣ የራሳችሁን ሲም ከትታችሁ ደውሉበት። ኮፒውም እየመጣ ነው፣ ከሩቅ አይለይም፣ *#0*# ስትደውሉ ኦሪጅናሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቀለምና የሴንሰር መፈተሻ ገጽ ይመጣል፣ *#06# ስትሉ የሚወጣውን ቁጥር ደሞ ከሳጥኑ ጋር አመሳክሩ። ብዕሩን ስክሪኑን ሳታስነኩ ከላይ ስታንዣብቡት ነጥብ ካልታየ ተመለሱ።

የኔን ሃሳብ ከጠየቃችሁኝ ግን ያለፈውን ኤስ 24 አልትራ ነው የምገዛው። 2600 ኒቱ ያው ነው፣ ነጸብራቅ የሚቀንሰው መስታወት እሱ ላይም አለ፣ ባትሪው 5000፣ ቻርጁ 45፣ ዋናው ካሜራ 200፣ አፕዴቱም 7 ዓመት፣ ብዕሩ ላይ ብሉቱዝ አለ። የሚያጣው ፕሮሰሰሩን፣ ሰፊ የሚያነሳውን 50 ሜጋፒክስል ካሜራ (እሱ 12 ነው)፣ ሰፋ ያለችዋን ቬፐር ቻምበርና 14 ግራም ቅለት ነው። ስላይትሊ ዩዝድ ከሆነ ስልኩ የት አገር ሲሰራ እንደከረመ ጠይቁ፣ ሻጩ የሚለውን አትመኑና ሳምሰንግ ሜምበርስ የሚለውን አፕ ከፍታችሁ ባትሪ ስታተስ ፈትሹ፣ «ጉድ» (በእንግሊዝኛ ጥሩ) ካላለ ከዋጋው ላይ የባትሪ መቀየሪያ አስቀንሱ፣ እምቢ ካለ ቀጥሎ ያለው ሱቅም አለው።